የእትዬ ማርታ ተራ

ልጅ እያለሁ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጂንካ ውስጥ የእኛ ሰፈር አማኞች ቤቶች ሁሉ ባዶ ሆነው አንዱ ብቻ እስከ ደጃፉ ይሞላ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ በተራ ነዋ! ዛሬ እኛ ቤት፣ ሳምንት እነ እገሌ ቤት። ልማዱ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ፣ ሰው በየጓዳው ተደብቆ ሲጸልይ የመጣ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈትም አልተዉትም። ዝናብ የጠገበ ልብስ ሽታ፣ በኮባ ቅጠል ላይ የተዘረገፈ ትኩስ ጎደሬ፣ የቡና ቅጠል ፍል፣ ከተማው መሃል ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ጠግበው የሚመለሱ ከብቶች ጩኸት፤ የእኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይህ ነበር። እኛ ልጆች ከቃሉ ይልቅ ጎደሬውን እንጠብቅ እንደነበር ጌታም ያውቃል።

ጥናቱን የሚያቅዱትና የሚመሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አስተባባሪዋ እናቴ ሮማን ናት፤ አያቶቿ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሷ ግን ከጂንካ ሌላ አገር የማታውቅ፣ ቁጣዋ ከፍቅሯ የሚቀድም ሴት። ሁለተኛው ጋሽ ማርቆስ ናቸው፤ የአሪ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። በአማርኛ የተነበበውን ወደ አሪኛ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ የመዝጊያው ጸሎትም የእሳቸው ነው። ሦስተኛው መምህር ታምራት መዝሙሩንና ጥያቄውን ይይዝ ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እኛ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ሥራውን ይከፋፈላሉ። ማን ያነባል፣ የቱ መዝሙር ይቅደም፣ በመጨረሻም ማን ቤት። ሦስቱ ካልተስማሙ ጥናት የለም። ባለተራው ቤት ያፈራውን ያቀርባል፤ ሳይቀመስ አይጸለይም፣ ሳይጸለይም አይወጣም።

ከሚመጡት ውስጥ አንዷ እትዬ ማርታ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኩዮቼ ታውቁታላችሁ። ገበሬው ከሸክላ ሠሪ ጋር አይጋባም፣ ቤቷ አይገባም፣ ከእጇ አይበላም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ድስቷን በጣቱ አንኳኩቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ገዝቶ ይሄዳል። የእኛን ጎመን ያበሰለውም፣ የጋሽ ማርቆስን ጎደሬ የቀቀለውም የእሷ ድስት ነው። ድስቷ እስከ ጓዳ በገባበት ቤት እሷ በር ላይ ትቀመጣለች። ከበሩ እልፍ እንዳትል የከለከላት ሰው አላየሁም፤ ብቻ ያ ቦታ የእሷ ሆኖ ቀረ።

ተራው እሷ ዘንድ ሲደርስ ሁሌ አንድ ነገር ይፈጠራል። አንዴ መንገዱ ጭቃ ነው ይባላል፣ አንዴ ቤቷ ይጠባል፣ አንዴ ደግሞ ሸክላ እየተኮሰች ስለሆነ ጭሱ አያስቀምጥም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

አንድ ረቡዕ እኛ ቤት የተጠናው ጌታ፣ ሰው ሁሉ የሚጠላውን ቀራጭ ከዛፍ አውርዶ ቤቱ ስለዋለበት ታሪክ ነበር። ጋሽ ማርቆስ ወደ አሪኛ ሲመልሱት ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ ሴቱ ወንዱ አለቀሰ። ሰው ሊበተን ሲል እትዬ ማርታ እናቴን ነጠላዋን ያዝ አደረገቻት።

"እትዬ ሮማን፣ የእኔ ቤት መቼ ነው የምትመጡት? ቤቱን እኮ ለቅልቄ ለቅልቄ ደከመኝ።"

አልተቆጣችም፤ እንዲሁ ጠየቀች። እናቴ እስከ መንገዱ ሸኘቻት።

እሑድ ማንጎው ሥር ጉድ ፈላ። "ወይ ያንን ታሪክ ከመጽሐፉ እንቅደደው፣ ወይ ቤቷ እንሂድ!" አለች እናቴ። ታምራት "ትንሽ ብናስብበት" ማለት ሲጀምር በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ጋሽ ማርቆስ ዱላቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩና፣ "ሮማን፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" አሏት። "አንቺ ብትበዪ አላወቀችም ይሉሻል። እኔ ብበላ ግን ወንድሞቼ ዳግም ከእኔ ጋር ማዕድ አይቀርቡም። ልጄን ልድር ነው። ሰርጌ ላይ ማን ይቀመጥልኛል?"

እዚሁ የተወለደችውን እንግዳ ማለታቸው ውስጧን በላት። "ጋሽ ማርቆስ፣ አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ረቡዕ ዕለት አፍዎ ዳገቱን ወጣው። እግርዎ ግን ፈራ።"

ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም። ክው ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ግን አልተቀየሟትም፤ "እመጣለሁ፤ መብላቱን ግን ቃል አልገባልሽም" አሉና ተነሡ።

ቀኑ ደረሰ። ሌላ ጊዜ መቆሚያ የሚያሳጣው ሰው ያን ዕለት በጣት የሚቆጠር ሆነ። ቤቱ ግን እንዴት ያምር ነበር! ልቅለቃው ገና አልደረቀም፣ አዲስ ሰሌን ተነጥፏል፣ ጥግ ላይ ያልተተኮሱ ድስቶች አፋቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። እትዬ ማርታ መቀመጥ አቃታት፤ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። ጋሽ ማርቆስ መጡ። መጡና ደፉን ሳይሻገሩ ውጭ ቆሙ። እናቴ አነበበች፤ እሳቸው ውጭ እንደቆሙ ወደ አሪኛ መለሱት። ካፊያው ትከሻቸውን እያረጠበ ድምፃቸው ብቻ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ያን ያህል የሚያሳዝን ጥናት ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

ጎደሬው ቀረበ። እናቴ ቆርሳ ጎረሰች፣ ታምራት ተከተለ፣ እኔማ ለሁሉም የሚበቃ በላሁ። ሳይቀመስ አይጸለይም፤ የሚጸልዩት ጋሽ ማርቆስ ደግሞ ደጅ ናቸው። እትዬ ማርታ በኮባ ቅጠል ጎደሬ ይዛ እስከ ደፉ ሄደችና ከወዲህ ቆመች። በአሪኛ ያለቻቸውን፣ ከልጆች ጋር ስጫወት ቋንቋውን ለምጄ ስለነበር፣ ሰማሁት። "ባትበላ አልቀየምህም። ዝናቡ ግን እየመታህ ነው። ግባ።"

ጋሽ ማርቆስ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዝቅ ብለው ገቡ። ከእጇ ተቀብለው አንዲት ቁራሽ ጎረሱና አልወርድ እንዳለው ሰው ብዙ አኘኳት፤ ዋጧትም። ጸሎታቸው አጭር ነበር፤ መሃል ላይ ተቋርጦ እናቴ ጨረሰችላቸው። እትዬ ማርታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር።

ጋሽ ማርቆስ ዋጋውን ከፈሉ። በልጃቸው ሰርግ የወንድሞቻቸው መቀመጫ ባዶውን ዋለ። እናቴ ልታጽናናቸው ስትሞክር "ካልደፈረሰ አይጠራም" ብለው ወደ እንግዶቻቸው ዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ተሠራና የቤት ተራ ቀረ። ሁላችንም እልል አልን፤ ዝናብ የለ፣ ጥበት የለ።

አሁን እናቴም፣ ጋሽ ማርቆስም፣ እትዬ ማርታም አፈር ለብሰዋል። እኔም በተራዬ ከጥናት አስተባባሪዎቹ አንዷ ሆኛለሁ። ፕሮግራሙ በቴሌግራም ይላካል፣ ጥቅሱ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ይበራል፣ ሻዩ በወረቀት ኩባያ ይታደላል። ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ያነባሉ፣ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ አልዋሽም። ግን አብረን እያጠናን የማን ጣራ እንደሚያፈስ፣ ማን ምን በልቶ እንደሚያድር አናውቅም። ያ ይናፍቀኛል፣ አንዳንዴም ያስለቅሰኛል።

በቅርቡ ለማቀድ ስንሰበሰብ ይህን ሁሉ አወራሁላቸውና የቤት ተራውን እንመልሰው አልኩ። ወጣቶቹ በጣም ወደዱት፤ አንዱ እንዲያውም ዓይኑን ጠረገ። ፕሮግራሙን በኮምፒውተር የምታዘጋጅልን ትዕግስት፣ የእትዬ ማርታ የልጅ ልጅ፣ ቀስ ብላ አንገቷን ቀና አደረገች።

"አያቴም እስክትሞት ያን ቀን ታወራው ነበር፣ እትዬ" አለችኝ። "ከዚያ ወዲህ ግን ከቤተ ክርስቲያን እኛ ቤት መጥቶ የበላ ሰው የለም።"

ወቀሳ አልነበረም፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ የምትነግረኝ ያህል ነው ያለችው። ስንት ዓመት ሙሉ ያችን አንዲት ቁራሽ ጎደሬ እንደ ድል ሳወራት ኖሬያለሁ! አፈርኩ።

"እንግዲያው ከእናንተ ቤት ይጀመር" አልኩ። "እኔ እመጣለሁ።"

"እርስዎማ ይመጣሉ" አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሌሎቹ መልሳ "እኔም እመጣለሁ" የሚል ሰው ጠበቀች። እኔም አብሬያት ጠበቅኩ።