እናቴ ሐኪሙን ያስጠየቀችኝ

እናቴ አማርኛ ስለማትችል ከቢታ መጥታ ቦንጋ ሆስፒታል ስትታከም የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ሐኪሙ "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ እንጂ" ይለኛል።

የመጨረሻው ቀን እናቴ፣ "ለቡና ለቀማ እደርስ እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለችኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ። ጠየቅኩት።

ሐኪሙ ውጤቱን ደግሞ አየና፣ "እስከዚያ የሚቆዩ አይመስለኝም። እኛም ከዚህ በላይ የምናደርግላቸው የለም። ቤት ውሰጃቸውና የሚወዱትን አብዪያቸው" አለኝ።

እናቴ አፍ አፌን ታያለች። ከነገረኝ ሁሉ የመጨረሻውን ብቻ አወጣሁት።

"የምትወጂውን እንድትበዪ አዟል።"



"ለአባትሽም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህንኑ ነበር ያዘዙለት" አለች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች። "በይ፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። የቢታ መኪና ሳይሄድ እንውጣ።"