ሌንስና ብናኝ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሌንስ ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ፣ ለመንገድና ለድልድይ የሚውለውን ድንጋይ ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። ድንጋዩ ከምን ከምን ማዕድን እንደተሠራ፣ ሸክም ይችል እንደሆነ፣ ውሃ ይበላው እንደሆነ አይታና ቆጥራ ትጽፋለች። ቀና ብላ ሰው ስታይም ያው ናት፤ ጉድለት ሳታገኝ አትመለስም። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ «አንቺ እኮ ባል ያጣሽው መልክ አጥተሽ አይደለም፤ የመጣውን ሁሉ ስንጥቁን እየቆጠርሽ ነው» ትላታለች። ሌንስ አትቀየምም፤ እውነት ነዋ።

ሰውን ሁሉ ትጠላለች ማለት ግን ሐሜት ይሆናል። አጥብቃ የምትጠላው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምድር ቤት ያለውን ድንጋይ ፈጪ። ከራሱ እስከ እግሩ የድንጋይ ዱቄት ስለማይለየው ብናኝ ይሉታል። ሥራው ከድንጋዩ ስስ ቁራጭ ቆርጦ፣ መስታወት ላይ ለጥፎ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መፍጨት ነው። እሱ የፈጨውን እሷ ታያለች። አንዱ ያለ ሌላው መሥራት አይችልም፤ ዓይንና ናጫ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ሪፖርት ላይ «ናሙናው ወፍራም በመሆኑ ለማየት አስቸግሯል» ብላ ጻፈች። እውነቷን ነበር። ብናኝ ግን በዚያ ወር የደረጃ እድገት ይጠብቅ ነበርና በዚያች መስመር ሰበብ ቀረበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። እሱ እሷ አንገቷን እንድታጣምም የናሙናውን ቁጥር ሆን ብሎ ገልብጦ ይጽፋል። እሷ ደግሞ ቅንጣት ቅር ካላት መስታወቱን ፖስታ ውስጥ ከታ፣ «ወፍራም ነው» የሚል ብጣሽ ወረቀት አያይዛ ትመልስበታለች። እሱም በዚያው ወረቀት ጀርባ «ዓይንሽን ታከሚ» ብሎ ይልካል። ይህን ያህል የተጻጻፉት ለፍቅር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ልጅ ያደርሱ ነበር።

በዚህ መሀል ኮምፒውተሩ መጣ። አዲሱ ኃላፊ ማይክሮስኮፑ ላይ በሚገጠም ካሜራ ፎቶ አንስቶ፣ ማዕድኑን በስሙ ጠርቶ፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚያወጣ ፕሮግራም ገዛ። ሌንስ ግማሽ ቀን የምትፈጅበትን በአራት ደቂቃ ይጨርሰዋል ተባለ።

«ይሄ ካሜራ ከኔ እኩል ካየ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለች በሰው ፊት።

«እንግዲያው እንፈትነው» አለ ኃላፊው። «አርባ አዲስ ናሙና ይዘጋጅ። እርስዎም ይዩ፣ ፕሮግራሙም ይይ። ትክክለኛውን መልስ ሌላ ቤተ ሙከራ አሠርቼ በታሸገ ፖስታ አስመጣለሁ። ፕሮግራሙ ከተሳሳተ ለሻጩ እመልሰዋለሁ፤ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካልተሳሳተ ግን መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል።»

መዝገብ ቤቱ ያለው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሌንስ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አላት። እህቷ «ምን አለበት፣ ተቀምጠሽ ጡረታሽን ትጠብቂያለሽ» ብትላት፣ «እትዬ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ፋይል ከማገላብጥ ቢቀብሩኝ ይሻላል» አለቻት። የምሯን ነበር። ያንን ወንበር ካጣች ሌላ ምንም የላትም።

የፈተናው ቀን ብናኝ የናሙናውን ሳጥን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና እንደ ልማዱ ሳያያት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሌንስ የመጀመሪያውን መስታወት አየች። ቢጫ። ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን፣ ድንጋዩ በልኩ ሲፈጭ በማይክሮስኮፑ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ሲወፍር ቢጫ ይላል። ይህን የሙያውን ሀ ሁ የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛውን አየች፣ አምስተኛውን፣ አሥረኛውን፤ ሁሉም ቢጫ ነው። እሷን ቀለም አያታልላትም። መስታወቱን እያዞረች፣ ቅርጹን እየለየች፣ ኳርትዙን ኳርትዝ ብላ ጻፈች። ደሟ ግን ፈላ። «አውቆ ነው» አለች በሆዷ፤ «ሊያሳስተኝ፣ እዚያ ጉድጓድ ሊጨምረኝ ነው።»

ተራው የፕሮግራሙ ሆነ። ካሜራው አነሳ፣ ስክሪኑ ላይ ስም ይደረደር ጀመር፤ ኳርትዙን ሁሉ ያልሆነ ስም ሰጠው። ኃላፊው ፖስታውን ከፍቶ ሲያመሳክር ሌንስ ከአርባው ሠላሳ ስምንቱን አግኝታለች፤ ፕሮግራሙ ዘጠኙን ብቻ። የኃላፊው ፊት ጠቆረ። የሌንስ ልብ ቅቤ ጠጣ።

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አለ ኃላፊው የካሜራውን ገመድ እየነቀለ። «ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

ምነው እዚህ ላይ አፏን በያዘች! አምስት ደቂቃ ብትታገስ ሰውየው ካሜራውን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ይዞላት ይሄድ ነበር። ግን ዞር ስትል ብናኝን አየችው። ፈገግ ብሏል። ይህን ሁሉ ዓመት ጥርሱን አይታው አታውቅም። እየሳቀብኝ ነው አለችና ያ የቋጠረችው ቂም ሁሉ ገነፈለ።

«ምን ያስቅሃል?» ብላ ጮኸች። ወደ ኃላፊው ዞራ፣ «ሁሉም ወፍራም ነው፣ አርባውም! ይሄ ሰው መፍጨት አይችልም ስል ማን ሰማኝ? ኳርትዙን ቢጫ አድርጎ ሲያቀርብለት ካሜራው ምን ያድርግ? ማሽን አይደል፣ ያሳዩትን ነው የሚያይ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኃላፊው ገመዱን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«ማለት በልኩ ቢፈጭ ኖሮ አይሳሳትም ነበር?» አለ።

ሌንስ ያኔ ምን እንዳደረገች ገባት። ኃላፊው ገመዱን መልሶ ሰካው። የብናኝ ፈገግታ ጠፍቶ ነበር።

አርባውም ወደ ምድር ቤት ተመለሱ። ኃላፊው ራሱ አጠገቡ ቆሞ እንደገና አስፈጫቸው። ሰኞ ዕለት ፕሮግራሙ ሠላሳ ዘጠኙን አገኘ። ለብናኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ለሌንስ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ተሰጣት።

ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ብናኝ መፍጫ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ደስ አለህ?» አለችው።

ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። «ይሄ እጅ ሃያ አምስት ዓመት ፈጭቷል። አርባ ናሙና፣ ሁሉንም እኩል፣ በስህተት ያወፍራል? አንቺ ወፍራሙንም ታይዋለሽ፤ እሱ አያየውም። አውቄ ነው ያደረግሁት።»

ሌንስ ካርቶኑን መሬት ላይ አኖረችው። «ለኔ ብለህ?»

«ላንቺ? አንቺማ አፈር ብትበይ ግድ የለኝም። ዛሬ ያንቺን ወንበር የወሰደ ነገ የኔን መፍጫ መውሰዱ አይቀርም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ?» አለችው። «አንዲት ቃል! ምናለ አንዲት ቃል ብትለኝ!»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ሌንስ አታምነውም ነበር። እንዲያውም የነገራትን ይዛ በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ትሮጥ ነበር። ብናኝም መልስ አልጠበቀም፤ በሩን በላይዋ ላይ ዘግቶ መፍጫውን አስነሳ።