ኤክሴል ገደለኝ፣ ጥሩምባ አወጀኝ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ የገዛ ሞቴ በጥሩምባ ሲለፈፍ ሰማሁ!

የልጅ ልጄ ሃዊ የዕድራችን ጸሐፊ ናት። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ያረፈውን ሰው ስም በትልልቅ ፊደል የሚያወጣ ማክሮ የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ኤክሴል ላይ ሠርታለች።

"በማን ስም ልሞክረው አባባ?" አለችኝ።

"በእኔ! በጎረቤት ላይ ማሟረት ነውር ነው" አልኳት።

ቁልፉን ስትጫን "አባ ገመቹ አረፉ" የሚል ወጣ። ልታጠፋው ብትል እምቢ አለ። ከኤክሴሉ ሰንጠረዥ ተሰርዣለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ግን እንደሞትኩ ቀረሁ!

ሃዊ ማክሮውን ስትፈትሽ ቆይታ፣ "ሥራ ሲጀምር ስክሪኑ እንዳይታደስ ይዘጋዋል፤ ሲጨርስ መልሶ አይከፍተውም" አለችኝ። (እኔ በር ሳልዘጋ ስወጣ ግን ትቆጣኛለች።)

የሚከፍተውን የትእዛዝ መስመር ስትጨምርበት ስሜ ጠፋ። እፎይ ሳልል ጥሩምባው ጮኸ።

"ዕድርተኛ ሁሉ ስማ! አባ ገመቹ አርፈዋል!"

ለካ ጥሩምባ ነፊያችን ቶለራ በመስኮት አንብቦ ሮጧል!

ስወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ፣ ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን ተሸክመው መጡ። ቶለራ ሲያየኝ ጥሩምባው ከእጁ ወደቀ።

"አባ ገመቹ፣ እርስዎ አልሞቱም እንዴ?"

"ሞቼ ነበር፤ ሃዊ አስተካከለችኝ። ድንኳኑን መልሱት፤ ንፍሮው ከተቀቀለ ግን ይምጣ" አልኩት።

እናንተስ፣ በቁማችሁ የተለቀሰላችሁ አላችሁ? ማን አብልጦ እንዳለቀሰ ጻፉልኝ። የእኔዎቹን አይቻለሁ፤ ዓይኑ ሳይረጥብ የመጣም አለ!