የደረቀችውን ችግኝ የለጠፈችው ልብስ ሰፊ

እስቲ ይህችን ፎቶ እዩአት። የተሰነጠቀ ጣሳ ውስጥ የቆመች አንዲት የሎሚ ችግኝ፤ ያውም ቆመች ከተባለ ነው። ቅጠሏ ረግፎ ግንዷ እንደ ተቃጠለ ክብሪት ጠቁሯል። ኢንተርኔቱ በጽጌረዳ በተጥለቀለቀበት በዚህ ዘመን ይህችን ሬሳ ለሕዝብ የለጠፈችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ከሺህ ጽጌረዳ ግን ይህች ትበልጣለች።

ነገሩ የጀመረው ከሱቋ በር ላይ ካለው በርሜል ነው። በርሜሉ ውስጥ የሟች እህቷ የሎሚ ዛፍ አለ። እህቷ ኮትኩታ አሳድጋው፣ ፍሬውን አንዴ እንኳ ሳትቀምስ ነው የሄደችው። ልብስ ሰፊዋ መቃብሩ ጋ እምብዛም አትሄድም፤ ማልዳ ሱቋን ስትከፍት "እንደምን አደርሽ" የምትለው ለዛፉ ነው። ያ ዛፍ ቢጫ መሆን ጀመረ።

እንደ ማንኛችንም ስልኳን አወጣች። መካሪ መች ጠፍቶ! አንዱ የእንቁላል ቅርፊት ይላል፣ ሌላው የሩዝ ውሃ። ከሁሉም የገነነው አንድ ባለ ባርኔጣ ነው፤ ተከታዩ እንደ አሸዋ፣ ምላሱ ማር። ከጀርባው የሚታየው አትክልት የማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ቅጠሉ ቢጫ የሆነበት ጨው በጥብጦ ያጠጣ፣ በሳምንቱ ያመሰግነኛል አለ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ማለት ይኸው ነው። ሞክሮት የማያውቀው ሁሉ ደግሞ ተቀብሎ ለዘመዱ ይልከዋል።

ልብስ ሰፊዋም ጨዉን በጠበጠች። በርሜሉ ጋ ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ በቁራጭ ሳትሞክር የሰው ጨርቅ ላይ መቀስ አሳርፋ አታውቅም። ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የእህቷ ዛፍ ከየት ይገዛል? ከዛፉ ፍሬ በጣሳ ያበቀለቻት ችግኝ ነበረችና እሷን አጠጣቻት። ችግኟ በሳምንቱ ደረቀች።

ለባለ ባርኔጣው በትሕትና ጻፈችለት፤ የእኔዋ ሞተችብኝ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን ብላ። ጽሑፏን ሰረዘው፤ እሷንም አገዳት። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ይህን ሰምቶ፣ ጨዉን ስልክሽን ብታጠጪው ይሻል ነበር አላት።

እሷ ግን አልተወችም። ከዚያ ወዲያ የምትፈልገው ያማረ አትክልት ሳይሆን የሞተ ሆነ። አንድም አልሞተብኝም የሚል አትክልተኛ ጨርቅ አበላሽቼ አላውቅም እንደሚል ልብስ ሰፊ ነው፤ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ገና አልጀመረም። ፈልጋ ፈልጋ አንዲት የትምህርት ቤት ጥበቃ አገኘች። ፎቶዎቿ ደብዛዛ ናቸው። ከአንዱ የደረቀ ተክል ሥር "ይህን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ አበዛሁበት" ብላ ጽፋለች። ልብስ ሰፊዋ ችግሯን ጻፈችላት። ጥበቃዋ መድኃኒት አላዘዘችም፤ ጠየቀች።

"እትዬ፣ ያጠጡት ውሃ ከሥር ይወጣል?"

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የበርሜሉን ሥር አየች። አይወጣም። ባልና ሚስት በርሜሉን በጎኑ አጋደሙት፤ ቀዳዳዎቹ በጭቃና በሥር ተደፍነው ኖሯል። ባልየው በሽቦ ሲወጋቸው የገማ ውሃ ጫማው ላይ ተዘረገፈ። ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነው እንዴ እያለ አጉረመረመ፤ ቀድሞ የሳቀውም እሱ ነው።

ዛፉ ወዲያው አልዳነም። አንዱ ቅርንጫፍ ጭርሱን ደርቆ ተቆረጠ። ብዙ ከጠበቁ በኋላ ግን ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ቅጠሏን ለጥፎ ጭብጨባውን በተቀበለ ነበር። እሷ የለጠፈችው የደረቀችውን ችግኝ ነው፤ ከሥሯም "ጨው ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ሞታለች። እናንተ እንዳታጠጡ" ብላ ጻፈች።

ሳቁባት። ባሏም፣ ሰው የሠርጉን ፎቶ ይለጥፋል፣ አንቺ ሬሳ ትለጥፊያለሽ ብሎ ተረባት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል መለሰችለት።

"ሬሳውን ያላየ የእህቱን ዛፍ ይገድላል።"



እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ምክር ለዘመድ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። ካልሞከራችሁት አልሞከርኩትም በሉ። ሞክራችሁ ከደረቀባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የደረቀውን አሳዩን።