አያን ፍለጋ ወደ ማራኪ

ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከኮሶዬ ተነሣሁ። የሄድሁት ለጥየቃ ሳይሆን ለክርክር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማረው የልጅ ልጄ ሰላም የሁለት አያቶቿን፣ የእኔንና የሳንጃዋን፣ ጨዋታ በስልክ ቀድታ፣ ጽፋ፣ ኢንተርኔት ላይ አውጥታዋለች። ደጋግመን ያነሣነው ቃል ገዝፎ ይታያል፤ ሲነኩት የተናገርነው ይከፈታል። የሳንጃዋ አያቷ የታንጉት ባል የአስማረ ስም ዋርካ አክሏል አሉኝ። የእኔ ሟች ባል ግን የለም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ።

ሚኒባሱ ላይ የወንበር ከፍዬ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። የበርጩማ ዋጋ ስንት ነው እያልሁ ረዳቱን ጨቅጭቄ ሃምሳ ብር አስመለስሁ። ማሳው ሁሉ ጉም ለብሶ ነበር፤ ጎንደር ስንቃረብ ጋቢዬን አወለቅሁ።

ረፋድ ላይ ከሰላም ኪራይ ቤት ደረስሁ። ሽሮ ብታቀርብም መጀመሪያ ላፕቶፑን ክፈቺ አልኋት። አስማረ በቀይ ተንሰራፍቷል። በእኔ በኩል ገብስ፣ በሬ፣ ውርጭ ይላል። ቀናሁ፤ አልደብቅም። ታንጉት ባሏን በስሙ እንደልቧ ትጠራለች። እኔ ባሌን አርባ ዓመት «አያ» እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ እናቴም አባቴን እንዲሁ ነበረች።

«ምነው ልጄ፣ አያትሽን የት አደረስሽው?»

«እምዬ፣ ትልቅ ሰው ሁሉ አያ ስለሚባል ትርፍ ቃል ነው ብዬ ከቆጠራው አውጥቼዋለሁ።»

«አርባ ዓመት የኖርሁት ከትርፍ ቃል ጋር ነው?»

ቃሉን ወደ ቦታው መለሰችው። አያ በሬውን ገፍቶ መሃል ቆመ፤ ከአስማረም በለጠ። ስነካው «ያን ክረምት አያ ጋቢውን ለእኔ ሰጥቶ ጆንያ ለብሶ አደረ» የሚል ቃሌ ተከፈተ። ማለቴንም ረስቼዋለሁ።

ቀጥሎ የነካሁት ግን ጎረቤታችንን አያ ያልሁበት ነበር። አውጪው አልኋት። አንድ በአንድ እየነካን የሌላውን ሰው ሁሉ አወጣን። አያ ከአስማረ አነሰ። ሰላም አዝና ያወጣነውን ልመልሰው ወይ አለችኝ።

«የሰው ልብስ አናለብሰውም» አልሁና ሽሮዬን በላሁ። አልጣመኝም።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የባሌን ስም ጠራሁት። ወዲያው ለሰላም ደውዬ አንድ ጊዜ ብያለሁ፣ አንድ ብለሽ ጻፊልኝ አልኋት።

«ካልተቀዳ አይቆጠርም፤ ማጭበርበር ነው» አለች። ከማን ተምራ።

«እንግዲያው ቅጂ» አልሁና እየሰማችኝ ጠራሁት። ቀድታ ጨመረችው።

ከቃሉ ሁሉ ትንሹ እሱ ነው አለችኝ፤ ዓይን አጥብቦ ለሚያይ ብቻ ይታያል። ታንጉት በብዛት በልጣኛለች፣ ተቀብያለሁ፤ ቅናቱ ግን እስካሁን አለ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው ሁለት ይሆናል።