የመጨረሻው ምዕራፍ ሐዋሳ ነው

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ሰማዩ ገና አልነጋም፤ ጩኸቱ ግን ከነጋ ቆይቷል። «ሻሸመኔ! ሐዋሳ! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል ጠሪው። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ሮጬ ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ አራት ካሴት፣ ዎክማንና መጨረሻ የሌለው አንድ መጽሐፍ አለ።

ለማታውቁኝ፣ በብሎጌ ላይ የምጽፈው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ሮክ ባንዶችና ስለ ግድያ ልቦለዶች። ብሎጉ አንዳንድ ሳምንት አገር ውስጥ ይከፈታል፣ አንዳንድ ሳምንት አይከፈትም። ከበሮ መቺና መርዝ ቀማሚ መንግሥትን ምን እንዳደረጉት እስካሁን አልገባኝም።

የቆያችሁ አንባቢዎቼ መጽሐፉን ታውቁታላችሁ። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆነች ሴትዮ እራት ላይ ተመርዛ ትሞታለች፤ ተጠርጣሪዎቹ አምስት ናቸው። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» ሲል ገጹ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። የኋላ ሽፋኑ ላይ ሐምራዊ ማኅተም አለ፦ «የመጨረሻው ምዕራፍ ሱቃችን ይገኛል። ሐዋሳ፣ ፒያሳ።» ማኅተሙን የመታውን ሰውዬ በብሎጌ ላይ «መጽሐፍ አራጅ» ብዬ ሰድቤዋለሁ።

መጽሐፉን የላከልኝ ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ነው። የሚኖረው ሐዋሳ ነው። ከተነጋገርን አራት ዓመት ሆነን።

ትናንት ማታ ለአባዬ «ሻሸመኔ የጓደኛዬ ሠርግ አለ» አልኩት። ከመነጽሩ በላይ ትንሽ አየኝና «ሻሸመኔ» አለ። ከዚያ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። እኔም የምሄደው ለመጽሐፉ መጨረሻ ብቻ እንደሆነ ለራሴ ነግሬ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00፣ ከሞጆ ወዲያ

ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ግራር፣ የከሰል ጆንያ፣ የሽንኩርት ማሳ፣ የቲማቲም ሳጥን፣ አስፋልቱን እንደ ግቢያቸው የሚያቋርጡ ፍየሎች። ሹፌሩ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ወፍራም ሰው ነው። ያለውን ሦስት ካሴት አዟዙሮ ሲጨርስ ድፍረት አገኘሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ካሴት ቢያጫውቱልኝ?»

«የማን ነው?»

«የውጭ ነው። ሮክ ይባላል።»

«ስለ ፍቅር ነው?»

«አንዳንዱ።»

ከተተው። ጊታሩ ሲነሳ ከኋላዬ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው የተከናነቡ እናት ደንግጠው ቀጥ አሉ።

«ኧረ ሹፌር! ሞተሩ ምን ሆኖ ነው?»

«ሞተሩ አይደለም እማማ፣ ዘፈን ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አዳመጡ። ዘፋኙ መጮህ ጀመረ። «እና ምነው ልጄ፣ ሰውዬው ማን ሞቶበት ነው?»

አውቶቡሱ በሳቅ አለቀ፤ እኔም ጭምር። ሹፌሩ ግን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አስኬደውና ካሴቱን ሲመልስልኝ «ጩኸቱን እንጃለት፣ ጊታሩን ግን ያውቅበታል» አለኝ። የበሰለ ሐያሲ ነው፤ ለብሎጌ ብቀጥረው ደስ ይለኝ ነበር።

ካሴቱ የዮናስ ነበር። ልጆች ሳለን አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እኔ ጆሯችን ውስጥ አድርገን አንድ ትራስ ላይ እንተኛ ነበር። የግድያ ልቦለድም ያስለመደኝ እሱ ነው። ሕግ ነበረን። የመጨረሻውን ምዕራፍ ማንም ብቻውን አይከፍትም። ሁለታችንም የገዳዩን ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፣ ከዚያ ጮክ ብለን አብረን እናነባለን። የተሳሳተ ለሌላው ካልሲ ያጥባል። ያጠብኩትን ካልሲ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ፣ 6፡00፣ ሻሸመኔ

ለምሳ ቆመናል። ሁሉም ወርዶ ሲበላ እኔ ሻይ ብቻ ይዤ ተቀምጫለሁ። እስካሁን ለአንባቢዎቼ ያልተናገርኩትን ልናገር።

ዮናስ ሐዋሳ ለትምህርት በሄደ በሦስተኛው ዓመት ለአባዬ ደወለና ጴንጤ መሆኑን ነገረው። አባዬ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጾም አላጎደለም። ስልኩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ግድግዳው ላይ ያለውን የዮናስን ፎቶ አወረደ። በሳምንቱ በአውቶቡስ አንድ ካርቶን መጣልኝ። ካሴቶቹ በሙሉ፣ መጽሐፎቹ በሙሉ፣ ከላይ ደግሞ ይህ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ። ወረቀት ላይ «ሚጡ፣ አሁን ያንቺ ናቸው» ይላል። ያለቀስኩት በንዴት ነው። ሙዚቃውን ሲጥል እኔንም አብሮ የጣለኝ መሰለኝ።

በዚያው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። እንደዚያ የሚያንኳኳ ሰው ዮናስ ብቻ ነው። አባዬ ሳሎን ነበር፤ እኔ ክፍሌ። ተነስቼ ቴፑን ከፈትኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። አባዬ ያለ «ቀንሺ!» አንድ ዘፈን አሳልፎልኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ዝም አለ። ዘፈኑ ሲያልቅ በሩ ጸጥ ብሏል።

ያ ሳያንስ ብሎግ ስጀምር፣ ጊታር ይጫወት በነበረው በዮናስ ላይ «ጊታሪስቱን ማን ገደለው?» የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩ። ተጠርጣሪ አንድ፣ ፓስተሩ። ተጠርጣሪ ሁለት፣ መዘምራኑ። ተጠርጣሪ ሦስት፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች አንዲት ቆንጆ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከአስተያየቶቹ መሐል ስም የሌለው አንድ ብቻ ነበር፦ «መርማሪዋ አንድ ተጠርጣሪ ረስታለች።»

ማን እንደጻፈው ወዲያው አውቄያለሁ። የተረሳችው ተጠርጣሪ ማን እንደሆነችም አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ 7፡30፣ ሐዋሳ፣ ፒያሳ

ከተማዋ ሰፊ፣ ለጥ ያለች፣ ሙቅ ናት። ባጃጅ እንደ ንብ ይርመሰመሳል፤ አባ ኮዳ የሚሏቸው ራሰ በራ ወፎች ከሆቴል ጣሪያ ላይ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቁልቁል ያያሉ። ሱቁን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም «ጋሽ ዳንጊሶ ጋ ነው?» አሉኝ። በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች፣ እጅ ሲዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳዋን የምታስነካ የመጽሐፍ ኪራይ ቤት ናት።

ጋሽ ዳንጊሶ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፉን ሳስቀምጥላቸው በጣታቸው ማኅተሙን ዳሰሱና ፈገግ አሉ።

«ለምን ይቆርጡታል?» አልኳቸው። ለአራት ዓመት ያጠራቀምኩት ቁጣ ነበር፤ ሲወጣ ግን ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ማስረጃውን ሳይሰማ መፍረድ ይወዳል። እዚህ እንደዚያ የለም። መጽሐፉን ትከራያለሽ፣ ታነቢያለሽ፣ መጥተሽ ፍርድሽን በወረቀት ትሰጪኛለሽ። ያኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ እዚሁ ወንበር ላይ ትጨርሻለሽ። መጽሐፉም አይጠፋም፤ ሁሉም መጨረሻውን ፍለጋ ይመልሰዋል።» ትንሽ አሰቡና «ከዚህ በቀር» አሉ።

ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አወጡ። ላዩ ላይ የዮናስ ስም አለ።

«ይሄኛው ፍርዱን ጽፎ ሰጠኝ፤ ምዕራፉን ግን አላነብም አለ። ‹ጋሽ ዳንጊሶ፣ መጽሐፉን ለእህቴ ልላክላት። መጨረሻ ሳታውቅ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት፤ በሳምንት ውስጥ እዚህ ትመጣለች› አለኝ። እሺ አልኩት። በሳምንቱ ቅዳሜ መጣና እዚህ ተቀመጠ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጎራ ይላል፤ ‹መጣች እንዴ?› ብሎ መጠየቁን ግን ከተወ ቆየ።»

መደርደሪያውን ተደግፌ ቆምኩ። ያ ካርቶን ስንብት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥሪ ነው። በሳምንት ትመጣለች ያላት ልጅ አራት ዓመት ፈጀች፤ በዚያ ላይ ስትቀልድበት ከረመች። አፈርኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ፍርድሽን።» ጻፍኩ፤ ሐኪሙ። አጥፈው ከተቆረጠው ምዕራፍ ጋር ፖስታው ውስጥ አስገቡት፣ አሸጉትና ሞባይላቸውን አነሱ።

«ዮናስ? አዎ፣ እኔ ነኝ። መዝገቡ ሊዘጋ ነው። ተከራካሪዋ ቀርባለች።» ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጉዱማሌ ሜዳ ነው ያለው፣ ልጆች ያስተምራል። ፖስታውን ያዢ። ሁለታችሁ ካልሆናችሁ አይከፈትም።»

ቅዳሜ፣ 9፡00፣ ጉዱማሌ

ሜዳው ሰፊ ነው፤ ዛፎቹ ትልልቅ፣ ጥላቸው ወፍራም። የሲዳማ ሽማግሌዎች በዘመን መለወጫቸው በፍቼ የሚሰበሰቡበት ሜዳ ዛሬ ጸጥ ብሏል። አንደኛው ዛፍ ሥር ሁለት ልጃገረዶች ጊታር ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ዮናስ አለ። ከስቷል። ፂም አውጥቷል። ሲያየኝ ለልጆቹ የሆነ ነገር ነግሮ ተነሳ።

በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋ።

«የተረሳችው ተጠርጣሪ መጥታለች» አልኩ።

ዮናስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እኔ ቀጠልኩ።

«ቴፑን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እያወቅሁ ነው። አንተ እንደሆንክ እያወቅሁ። ይቅር በለኝ፣ ዮኒዬ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አባዬ እንደዚያ ያለ ነገር አይከፍትማ።» ከዚያ ቀጠለ። «ጎን ለ፣ ሦስተኛው ዘፈን። ጊታሩ ብቻውን የሚሄድበት። በሩን ተደግፌ እስኪያልቅ ሰማሁት፣ ሚጡ። ካሴቶቹን ከላክሁልሽ ጀምሮ ያን ዘፈን አልሰማሁትም ነበር። ቢያንስ ዘፈን መርጣ ነው ያባረረችኝ ብዬ ሄድኩ።»

እሱ ሊቀልድ ነበር፤ እኔ ግን አለቀስኩ። አቀፈኝ። ልጃገረዶቹ ያላዩ ለመምሰል ጊታራቸውን መቃኘት ያዙ።

ፖስታውን ዛፉ ሥር ከፈትነው። የእሱ ወረቀት «ምግብ አብሳይዋ» ይላል፤ የእኔ «ሐኪሙ»። ተራ በተራ፣ አንድ ገጽ እሱ፣ አንድ ገጽ እኔ፣ ጮክ ብለን አነበብን። ገዳዩ አንድም ቀን ያልጠረጠርነው፣ ሁልጊዜ ጥግ ይዞ ጋዜጣ የሚያነበው የሟቿ ወንድም ነበር። ሁለታችንም ተሳስተናል። ካልሲውን ማን ይጠብ በሚለው ተከራክረን አልተስማማንም።

ማታ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላን፤ ዳጣው አፌን አቃጠለኝና ለእንባዬ ሰበብ ሆነኝ። ስለ እምነቱ ጠየቅሁት፤ ሳይሰብክ ነገረኝ። ሁሉንም አልተቀበልኩትም። ግን የዚህን ያህል ጊዜ ሳላቋርጠው ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ስንለያይ አንድ ካሴት ሰጠኝ። «መዝሙር የለበትም፣ ጊታር ብቻ ነው። አባዬን እንዳይከፋው ብዬ ነው።»

እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30፣ ቤት

አባዬ ሳሎን ነው፣ ጋዜጣው ጭኑ ላይ። ከሐዋሳ የያዝኩት የዳጣ ብልቃጥ በፌስታል ውስጥ ይታያል። አየው።

«ሠርጉ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ሙሽራው... ከሳ?»

«ትንሽ። ፂም አውጥቷል።»

ጋዜጣውን አነሳ። እኔ ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ክፍት ተውኩት፣ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ አደረግሁ። የዮናስ ጊታር ብቻውን ወጣ፤ ቀስ ያለ፣ ግን ያው የድሮው እጅ። ድምፁን መሐል ላይ አድርጌ «ቀንሺ!»ን ጠበቅሁ። ጋዜጣው ሲታጠፍ ሰማሁ። የአባዬ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ተሻግሮ በሬ ላይ ቆመ። ወደ እኔ አላየም፤ ቴፑን ነው የሚያየው።

«ጨምሪው» አለኝ።