ውጭ የሚያድረው ካፖርት

ታደገ ቤት ሽንኩርት ከመከተፉ በፊት የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ፤ ካፖርቱ ከቤት ይወጣል። ትርንጎ ቢላዋ ስታነሳ ታደገ ጥቁር ካፖርቱን ከመስቀያው ያወርድና እንደ ሕፃን ታቅፎት ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሰቅሎት ይመለሳል፤ በሩንም ቶሎ ይዘጋል። ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን ያው ነው። ጥር ላይ ካፖርቱ እንደ ሳንቃ ደርቆ ይገባና ግድግዳ ተደግፎ ለብቻው ይቆማል።

"አሁን ይኼ ልብስ ምን በደለ?" ትላለች ሚስቱ። "እኛ እንኳ ኖርዌይ ስንመጣ የኮሙኑ አስተዳደር ቤት ሰጥቶናል።"

"እንጀራዬን ነው የምጠብቀው" ይላል ታደገ።

ሥራው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረ መርዳት ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዲት አሮጊት ቁርስ ሊያቀርብላቸው ጎንበስ ሲል አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና፣ በየካቲት ብርድ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያም ፈገግ ብለው "እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው! ትናንት ማታ ምን ይሆን የበላኸው?" አሉት። ስድብ ቢሆን ኖሮ ታደገ በረሳው ነበር። ግን ትሕትና ነበረ፤ የኖርዌይ ትሕትና ደግሞ በጥጥ እንደተጠቀለለ መርፌ ነው፣ ሲወጋ እንኳ አመስግኑኝ ይላል። ከዚያች ቀን ወዲህ ካፖርቱ ወጥ ሲሠራ ቤት ውስጥ ቆይቶ አያውቅም።

በዚህም ምክንያት ታደገ ሳያውቀው የሚያምነው አንድ ነገር ነበረ። የሚጣበቅ ሽታ የሐበሻ ሽታ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። የፈረንጅ ሽታ፣ የዓሣውም ይሁን የእርጥብ ውሻው፣ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ በሥርዓት ተሰናብቶ የሚሄድ ይመስለው ነበር።

በ2008 ጸደይ ጎረቤቱ ሃልቮር ተከራይቶ ገባ። ታደገ የሚኖርበት ሮምሶስ ከከተማው ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ የተደረደረ የፎቅ መንደር ነው፤ ጸደይ ሲመጣ ግን፣ ማን ያምናል፣ ያ ሁሉ ግራጫ ሲሚንቶ በበርች ዛፎች መሐል ቆሞ እሱም የሚያቆጠቁጥ ይመስላል። ሃልቮር የሕግ ተማሪ ነው። አባቱ ከከተማው በስተ ምዕራብ የአትክልት ቦታው እንደ ሜዳ የሚያስሮጥ ቤት አላቸው። እሱ ግን "ከሕዝቡ ጋር መኖር እፈልጋለሁ" ብሎ መጣ። ሕዝቡም፣ ማለትም ታደገና ትርንጎ፣ በደስታ ተቀበሉት።

ሃልቮር ማታ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሐሺሽ ያጨሳል። ሁለቱን በረንዳዎች የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ነው። ታደገ ካፖርቱን ሊሰቅል ሲወጣ ከጭሱ ውስጥ ጭንቅላት ብቅ ይላል።

"ታደገ፣ የዕፅ ሕጉ የዘር ጥያቄ መሆኑን አስበኸው ታውቃለህ?"

"ናይ፣ አስቤው አላውቅም" አለ ታደገ፤ እውነቱን ነው፣ ያሰበው ስለ ሽንኩርቱ ነበር።

"ሁላችንም እኩል እናጨሳለን። የሚፈተሹት ግን ጥቁሮቹ ናቸው። ስለዚህ ሐሺሽ ይፈቀድ የምንለው ለእኔ ብለን አይደለም፤ ለአንተ ብለን ነው!"

"እኔ አላጨስም።"

"እሱ አይደለም ነገሩ" አለ ሃልቮር በትዕግሥት፣ ጭሱንም ወደ ላይ ለቀቀው። ነፋሱ ጭሱን ቀስ አድርጎ ወደ ካፖርቱ ወሰደው። አመሻሹ በጣም ያምር ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ታደገ ጤፍ ሊገዛ ግሮንላንድ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር ወረደ። ከባነው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲደርስ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ጥቁር ውሻ ቆመዋል። ውሻው መጣ፤ የካፖርቱን ጫፍ አሸተተ፤ ከዚያም በጥሩ ትምህርት ቤት እንዳደገ ልጅ ፊቱ ቁጭ አለ።

ታደገ ውሻ ይወዳል። "ጎበዝ" ሊለው ጎንበስ ሲል ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ኪሱ ተገለበጠ፣ ጫማው ወለቀ፣ እጁ ግድግዳ ላይ ተዘረጋ። አንደኛው ፖሊስ ወጣት ነው፤ በፈተሸው ቁጥር "ይቅርታ" ይላል። ታደገ በሕይወቱ እንዲህ በጨዋነት ተዋርዶ አያውቅም።

"ምን አደረግኩ?"

"ምንም። ውሻው ስለተቀመጠ ነው፤ ዕፅ ሲሸተው ነው የሚቀመጠው።"

ምንም አልተገኘበትም። ጫማውን ሲያስር ቀና ቢል፣ ከበርበሬ መሸጫው በር ላይ ከረጢቷን ታቅፋ የቆመችውን እህት ብርነሽን አየ። ብርነሽ በቤተ ክርስቲያናቸው የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ ናት። ዜና መቀበልም ማቀበልም ትችልበታለች።

ይህ ሁሉ የሆነው ታደገ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ሊሾም፣ እጅ ሊጫንበት፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ወንበር ደርድሯል፣ ስንት ሐዘንተኛ አጽናንቷል። ካፖርቱን ለብሶ በኖረባት ከተማ "አንተም ሰው ነህ" ብሎ በይፋ የሚነግረው ቦታ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚሰበሰብበት ምድር ቤት አዳራሽ ብቻ ነበር። ማታውኑ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደሚካኤል ደወሉ።

"ወንድም ታደገ፣ ተፈትሸሃል አሉ።"

"ጋሼ፣ ምንም አላገኙብኝም እኮ።"

"እሱን ተወው። እኔ እዚህ አገር ስኖር አንድም ቀን ፖሊስ ነክቶኝ አያውቅም። ለምን? ስለማላጠፋ። ይኼ እንደኛ አገር አይደለም፤ ያለ ምክንያት ሰው አይነኩም።"

"ጥቁር ስለሆንኩ…"

"ውሻ ደግሞ ዘር አያውቅም!" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል፣ ድምፃቸው ድል ሲያደርግ ተሰማ። "ብርነሽ እንዳለችው ውሻው ራሱ ጥቁር ነው። ነገሩን ካላጠራህ ሹመቱ ይቆያል። ጉባኤው መጥፎ አርአያ እንዳያይ ነው፣ ልጄ።"

ስልኩ ሲዘጋ ትርንጎ ካፖርቱን አንስታ አፍንጫዋን ብብቱ ውስጥ ቀበረች። ቀና ስትል ዓይኗ ፈጥጧል።

"ታደገ፣ ይኼ እኮ ሃልቮር ነው!"

"የት?"

"እዚህ፣ ብብትህ ውስጥ። ሰውየው ከነሕጉ ገብቶበታል።"

ታደገ አሸተተ፤ እውነት ነው። የፈረንጅ ሽታ ይጣበቃል! ከሁሉ ያስደነቀው ይህ ነበር፤ ስንት ዓመት አምኖበት የኖረው ነገር አንድ ብብት ውስጥ ፈረሰ። የወጡን ሽታ ሸሽቶ ካፖርቱን ወደ ውጭ ሲሰድ፣ ውጭው ደግሞ የራሱን ወጥ ሲሠራበት ኖሯል።

ሰኞ ማታ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ሃልቮር ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ በራ።

"ይኼ እኮ እኔ የምለው ነው! የፊታችን እሑድ ሰልፍ አለን፤ መጥተህ ትናገራለህ፣ ድምፅ ማጉያውን እሰጥሃለሁ!"

"እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ጋ አብረን እንሂድና 'ጭሱ የኔ ነው' በልልኝ።"

ሃልቮር መደርደሪያው ላይ ያሉትን ወፍራም የሕግ መጻሕፍት አንድ ጊዜ አየ።

"ታውቃለህ፣ እኔ ጠበቃ ልሆን ነው። ስሜ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ከተያያዘ…"

"ለሽማግሌ ነው እንጂ ለፖሊስ አላልኩህም።"

"ወሬ ይወጣል፣ ታደገ። በመርሕ ደረጃ ግን ሙሉ በሙሉ ከአንተ ጋር ነኝ።"

"አንተን ፖሊስ አስቁሞህ ያውቃል?"

"አንዴ። ብስክሌቴ መብራት አልነበረውም። ኪሴ በሐሺሽ ሙሉ ነበር፤ 'መልካም ምሽት' ብለውኝ ሄዱ።" ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ታደገ በመርሕ ደረጃ አመስግኖት ወደ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ ማታ ትርንጎ ቢላዋዋን አነሳች። ታደገ ካፖርቱን አወረደ። ወደ በረንዳው ግን አልሄደም፤ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ አለበሰው።

"ሽንኩርቱን አብዢው" አላት። "በርበሬውንም። ማራገቢያውን አጥፊው።"

"አብደሃል?"

"ያ፣ አብጃለሁ። ነገ እኔን እኔን ልሽተት።"

እሑድ ጠዋት ከጋሽ ወልደሚካኤል ጋር ግሮንላንድ ጣቢያ ተገናኙ፤ ሽማግሌው ነገሩን በዓይኔ ሳላይ አልወስንም ስላሉ በዚያው ደረጃ በኩል አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አንገታቸው ድረስ ስበው፣ ነጭ ጸጉራቸውን አበጥረዋል። ታደገ ስለ ጎረቤቱ ጭስ ነገራቸው። ጠጋ ብለው ካፖርቱን አሸተቱት።

"ዛሬስ የክርስቲያን ሽታ አለህ" አሉ። "ቀይ ወጥ ነው?"

"ነው፣ ጋሼ።"

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ያው ጥቁር ውሻ ከነፖሊሶቹ ቆሟል። ታደገ ቆመ። ውሻው መጣና ካፖርቱን አሸተተ። ይህን የመሰለ ነገር በሥልጠናው ላይ አልነገሩትም መሰለኝ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ጅራቱን ወዘወዘ፣ አለፈ። አልተቀመጠም! ጋሽ ወልደሚካኤል "አየህ!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

"ይቅርታ፣ ሁለታችሁም ወደ ግድግዳው" አለ ወጣቱ ፖሊስ።

"ውሻው አልተቀመጠም እኮ!" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል በተሰባበረ ኖርዌጅኛ።

"አይቻለሁ። እንዲያው ለማጣራት ያህል ነው።"

የጋሽ ወልደሚካኤል ኪስ ተራገፈ፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የአዳራሹ ቁልፍ፣ ለሕፃናት የሚያድሉት ከረሜላ። እጃቸውን ዘርግተው ሲቆሙ የኮታቸው ክንድ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቀጭን አንጓቸው ታየ። በዚሁ ጊዜ ሃልቮር መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ተሸክሞ ከነጓደኞቹ በደረጃው ወረደ፤ "ፍትሕ" የሚለው ቃል ከሩቅ ይነበባል። ውሻው ዞረ፣ አፍንጫውን አቅንቶ ገመዱን እየሳበ ወደ ካርቶኑ ሮጠ። ፖሊሱ ጎተተው።

"ና እዚህ! ሥራ ላይ ነን!"

ሃልቮር ታደገን አየው፤ ካርቶኑን ፊቱ ላይ ከፍ አድርጎ አለፈ። ታደገ ጣቱን ሊቀስር እጁ ተንቀሳቀሰ። ግን እሱ የመጣበት አገር፣ እሱ ልጅ በነበረበት ዘመን፣ የተቀሰረ ጣት ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣ ያውቃል። እጁን ግድግዳው ላይ መለሰው።

ሲለቀቁ ጋሽ ወልደሚካኤል መጀመሪያ ያሉት "ማን አየን?" ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ብርነሽ ጠበቀቻቸው። "ጋሼ፣ ዘገያችሁ፤ በደኅና ነው?"

"ባነው ተበላሽቶ ነው" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

ታደገ አያቸው። ካፖርቱን ሰቅሎ ቀድማ ከመጣችው ከትርንጎ አጠገብ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሹመቱንም በልቡ ተሰናበተው። መዝሙሩ አለቀ። ሽማግሌው ወደ መድረኩ ወጡ፤ ድምፅ ማጉያውን ያዙ።

"እህት ብርነሽ" አሉ። "ባነውስ በሰዓቱ ነው የመጣው። እኔን ፖሊስ ፈትሾኝ ነው።"

"እርስዎን?!"

"እኔን። ውሻው ሳይቀመጥ።"

ከኪቦርዱ ኋላ ኃይለአብ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁሌም ቀድሞ የሚመጣ፣ ጨዋ የሚባል ልጅ ነው። "እኔንም" አለ። "በየሳምንቱ።" ከመሐል አንድ አባወራ ቀና ሳይል እጁን አወጣ፤ ሚስቱ ዞራ አፈጠጠችበት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ በስተግራ ሁለት። ስንት ዓመት እየዘመሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ውርደቱን የራሱ ኃጢአት ይመስል ደብቆ ኖሯል።

ብርነሽ በድንጋጤ እጆቹን ቆጠረች፣ ደረቷንም ያዘች።

"የኢየሱስ ያለህ! ታዲያ ወንዶቻችን በሙሉ ያጨሳሉ?"

መጀመሪያ የሳቀችው ትርንጎ ናት። ሳቁ ወንበር ከወንበር እየተሻገረ መድረኩ ደረሰ፤ ጋሽ ወልደሚካኤልም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ እንባው ግን ከሳቁ በኋላም አላቆመም። "ታደገ፣ ና ወደዚህ" አሉ። ተንበረከከ። እነዚያ ከአንድ ሰዓት በፊት ግድግዳ ላይ የተዘረጉ እጆች ራሱ ላይ አረፉ። ከበሩ አጠገብ ከተሰቀለው ካፖርት የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ አዳራሹን ሞልቶታል፤ መስኮት የከፈተም የለም።